ወተት የሰጠች መኪና

የሰበታው መካኒክ ሱሩር ሁለት ነገር አይችልም፤ የታመመ ሞተር አይቶ ማለፍና የሰማውን ሳይናገር ማደር። ፉሪ ኮረብታ ላይ ቆሞ፣ ሰበታ ላይ የተነሳ ሞተር የትኛው ፒስተኑ እንደሚያቃስት ይለያል ይባላል። ወሬ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ለሱሩር የነገሩት ከሰዓት ገላን ይሰማል፤ ያውም ሁለት ልጅ ወልዶ። ሰሞኑንማ ሚስቱ አሲያ «ጊዜው ክፉ ነው፣ ወዲያ ወዲህ አትበል» ብላ ምሳውን እዚያው ጋራዡ ድረስ ስለምትልክለት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሞተርና ከወሬ አይለይም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ወሩ ጥር ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ከተማውን ከነእርሻው ሊውጥ ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ ወጥቷል። ዛሬ ቡራዩ ጎማ ይቃጠላል፤ ነገ ሱሉልታ መንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። የሱሩር ሰፈርተኛ የጠጅቱ ልጅ ኦዳም ሰልፍ እንደወጣ አልተመለሰም። የቀበሌው ሚሊሻ ፈቀደ ቤቷን ሁለት ጊዜ ፈተሸ፤ አልጋ ገለበጠ፣ ጎተራ ውስጥ ገብቶ በጤፍ ተለውሶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ኦቦ ኢተፋ «ሱሉልታ ታስሯል» የሚል ወሬ ይዘው መጡ። ፈቀደም «የሱሉልታዎቹ ከያዙትማ እኔን ምን አደከመኝ» ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ጠጅቱ በየማለዳው ስንቅ ትቋጥራለች። ኦዳ ከእሷ እጅ በቀር የማንም ምግብ አይወርድለትም። ታክሲ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ስንቁን የሚያደርሱላት ኦቦ ኢተፋ ናቸው፤ በዕድሜ ከእሳቸው በማትተናነስ መኪናቸው። ማምሻውን ባዶ ምሳ ዕቃና ሙሉ ጀብዱ ይዘው ይመለሳሉ።

«ቡራዩ ላይ የሚነደውን እሳት ሰንጥቄ አለፍኩ!» ይላሉ። ከጢማቸው ግን አንዲት ፀጉር አልተለበለበችም። ጠጅቱ ጀብዱውን አትሰማም። የምትጠብቀው መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን አንዲት ቃል ነው፦ «በልቷል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ መኪናዋ ሱሩር ጋራዥ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ኢተፋ! ማነው የታመመው? እርስዎ ነዎት እሷ?»

«ቀልዱን ተወውና ና ተመልከት፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ዘይት ልጨምር ክዳኑን ብከፍተው ወተት ሰጠችኝ።»

ሱሩር አጎነበሰ። እውነትም የዘይት መሙያው ክዳን ውስጡ ቡና በወተት በመሰለ አረፋ ተለብጧል።

«ጓርኒሲዮን እንዳይሆን» አለ ግንባሩን እያከከ። «የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ሥር ያለችው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ከተበላች ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። ያኔ መኪናዋ የትም አትሄድም፤ ሞተሩ መፈታቱ ነው።»

ጠጅቱ ስንቋን እንዳቀፈች ደርሳ ኖሮ ሰማች። «እሷ ከቆመች ልጄ ምን ሊበላ ነው?» አለች። እንባዋ ከቃሏ ቀደመ። በር ላይ ሻይ የሚጠጣው ሚሊሻው ፈቀደ እንኳ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አይዞሽ፣ አዴ ጠጅቱ። ሞተር እኔን ዋሽቶ አያውቅም» አለ ሱሩር እጅጌውን እየሰበሰበ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ ጠረገ፣ ነከረ፣ መልሶ አወጣ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ነጭ የሚባል የለበትም። ራዲያተሩን ከፈተ። ውሃው ላይ ጠብታ ዘይት አልተንሳፈፈም። ሞተሩን አስነሳ። በራዲያተሩ አፍ አረፋ አልወጣም፤ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ አልተፋም። ጣቱን ክዳኑ ላይ ያለው አረፋ ውስጥ ሰድዶ አሸተተ። ይቀምሰዋል ብለው የፈሩ ነበሩ።

ፊቱ በራ።

«ጓርኒሲዮኑ ጤነኛ ነው!»

ጠጅቱ እልል አለች።

«ይኼ ላብ ነው። በብርድ ጠዋት ሞተር ተነስቶ ሳይሞቅ ቶሎ ሲጠፋ፣ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣና ክዳኑ ላይ ከዘይት ጋር ይለወሳል። ሱሉልታ ደርሶ የሚመለስ ሞተር እኮ ይግላል፤ ላቡን በመንገድ ላይ አትንኖ…»

ሱሩር ቃሉን ገታ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እሱ ግን አይችልበትም።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ይቺ መኪና ሰሞኑን ሱሉልታን አላየችም። ሄደች ቢባል ከዚህ እስከ እኔ ቤት ነው!»

ጠጅቱ እልልታዋን ዋጠችው። «ታዲያ ስንቁ የት ይገባል?»

ሁሉም ወደ ኢተፋ ሆድ ዞረ። ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሆድ ነው። ኢተፋ ፈቀደን አየት አደረጉት፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«በላሁት» አሉ።

«ምን?»

«መጀመሪያ ቀን ሄጄ ነበር። ልጁ እዚያው አለ፣ ስንቅ ግን አይገባም ብለው መለሱኝ። ለአንቺ መንገሩን ፈራሁ። ሽሮው ደግሞ… መንገድ ላይ ሸተተኝ።»

ፈቀደ የተጎነጨው ሻይ በአፍንጫው ወጣ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የእስረኛ ስንቅ! ኧረ ኦቦ፣ ጅብ እንኳ ይሉኝታ አለው!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ጠጅቱ ብቻ አልሳቀችም። ምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ ወረወረችው።

«እንካ፣ ይኼንንም ብላው! ሆድህን ይንፋው!»

በዕድሜዋ ኦቦ ኢተፋን አንተ ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ሽማግሌው ምሳ ዕቃውን አቅፈው፣ መኪናዋን እዚያው ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው በእግራቸው ወጡ።

ሱሩር እስከ ቀትር ለሃያ ሰው ተረከ። ሃያ አንደኛ ሲያጣ አሲያ ትዝ አለችው። መፍቻውን ወርውሮ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ በሩን በርግዶ ገባ።

«አሲያ! ጉድ ልንገርሽ! ያ ሽማግሌ ለካ የኦዳን ስንቅ…»

አሲያ የጓዳው በር ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። «በዚህ ሰዓት ማን ና አለህ?»

ሱሩር በትከሻዋ ላይ እጁን ሰድዶ መጋረጃውን ገለጠ።

«እንብላ፣ ጋሽ ሱሩር» አለው ኦዳ፣ የእናቱን ምሳ ዕቃ እንዳቀፈ፣ አፉ እንደሞላ።