ሰላምታ ያልጨረሰ አይገባም

ስልኬ አፕዴት ካደረገ ወዲህ የሰው ድምፅ አስመስለው የሚደውሉ ሌቦች አፍረው ቀርተዋል። ደዋዩ እንደ ልማዱ ሰላምታውን ካልጨረሰ መስመሩ ይቋረጣል። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ በልጄ በትርንጎ ድምፅ፣ «እማዬ፣ የሚስጥር ቁጥርሽን ቶሎ ንገሪኝ» ሲለኝ ስልኬ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ሌባ ስለ ላሜ አይጠይቅም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ራሷ ትርንጎ ደወለች። «እማዬ፣ ድረሺልኝ» ከማለቷ ተቋረጠ። ደንግጬ ልደውልላት ስል ቀደመችኝ።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ወገብሽን ተሻለሽ?» አቃሰተች። አቋርጬ ምን ሆንሽ እንዳልላት መስመሩ እንዳይዘጋ ፈራሁ። ቆይታ፣ «ጎረቤቶችስ? ላሟስ ወለደች?»

«ወለደች። ጥጃዋም ደህና ናት።»

ስልኩ አረንጓዴ በራ። «ልጅዎ ናት» አለኝ፤ እኔ የማላውቅ ይመስል።

«እንግዲያው ተነሺ» አለች ትርንጎ፣ «እኔንም ምጥ ይዞኛል።»

ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ማምሻውን ጤና ጣቢያው ውስጥ የልጅ ልጄ እሪ ብሎ መጣ። በዚህ ሳምንት ሰላም ሳይል የገባብን እሱ ብቻ ነው።