የባትሪው ጉልበት

«የባትሪ ጉልበት ዝም ብሎ አይጠፋም። የት ገባ እያልሽ አትድከሚ፤ ወደ ማን ሄደ ብለሽ ጠይቂ።»

ይህን ያላት አባቷ ነበር፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ያኔ ትምህርቷን አቋርጣ ጋራዡ ውስጥ መፍቻ የምታቀብለው ልጅ ነበረች። አሁን የሾፌር ሚስት ናት። ጀርባዋ ላይ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን አዝላለች፤ ግቢዋ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚል የጭነት መኪና ቆሟል።

ቁልፍ ሲዞርለት አንዴ «እህ» ይላል፤ ከዚያ ጸጥ። ጎረቤት እየተጠራ በግፊ ይነሳል። ባሏ ጡብ የሚያመላልስለት ፋብሪካ ኃላፊ እስካሁን ታግሦት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቀን ደግሞ ካረፈደ ሥራው ለሌላ መኪና እንደሚሰጥ ቁርጡን ነገረው። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ጡብ ነው።

ባልየው ባትሪውን አውልቆ ለባለሙያ ወሰደው። ባለሙያው ውሃውን አየ፣ ቻርጅ ላይ አሳደረው፣ ዲናሞውንም ግቢው ድረስ መጥቶ ፈተሸና ባትሪው ከባለቤቱ ይልቅ ጤነኛ ነው ብሎ መለሰለት። ብዙም ሳይቆይ ያው «እህ» ተመለሰ።

«ጉልበት የለውም» አለ ባልየው ኮፈኑን ከፍቶ እያፈጠጠ።

«የኔን ጉልበት ፍታና ግጠምለት፤ ከሱ አይብስም» አሉ እናቱ ከበሩ ሥር።

ሳቁ። አማቷ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ የበሩን ደፍ ለመሻገር እንኳ ሰው ይደገፋሉ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ ጋደም ሲል፣ መኪናው ጎን የለስላሳ ሳጥን ደፍተው ጉልበታቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። ደግሞም እንዲህ በቀላሉ የሚታማ ጉልበት አይደለም። አየሩን ያውቃል። የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ከመዘፍዘፋቸው በፊት «እማማ፣ ጉልበትዎ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ። እሳቸውም አሸት አሸት ያደርጉትና «ነገ ከፊል ደመናማ ነው የሚለኝ» ይላሉ። ተሰጥቷቸው ነው ይባላል።

እሑድ ጠዋት ባሏ ሳይነሳ፣ ሚስትየው ልጇን እንዳዘለች ኮፈኑን ከፈተች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል። አባቷ እንዳሳያት የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈታችና መልሳ ነካ አደረገችው። የሚበላው ነገር ከሌለ ምንም አይልም።

ብልጭ አለ።

«አለህ ለካ» አለችው፣ የማታውቀውን ሰው።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ገመዱን ነካ ታደርግ ጀመር። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። የሬዲዮው ፊውዝ ሲነቀል ጸጥ አለ። መልሳ ሰክታው ጋቢና ገባች። የሬዲዮው አምፖል ከተቃጠለ ዘመን የለውም፤ ይብራ ይጥፋ በዓይን አይታወቅም። የድምፁን ማዞሪያ ትንሽ ከፍ ብታደርገው ሬዲዮው ማውራት ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ ያደረ ኖሯል፤ አፉን አፍነውት እንጂ አላጠፉትም።

ባልየው ነገሩን ሲሰማ ዓይኑ በቀጥታ ወንድሙ ላይ አረፈ። ሚስት ፍለጋ ላይ ነኝ እያለ እዚያው ቤት የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ነው። የቤቱ ሬዲዮ ከተበላሸ ወዲህ ኳስ የሚሰማው ጋቢና ውስጥ ነው። በሩ አይቆለፍም፤ ሬዲዮውን ያለ ቁልፍ እንዲሠራ አድርጎ ያገናኘውም እሱ ራሱ ነው።

«እኔ ሬዲዮ ስከፍት ሰፈሩ አይሰማም እንዴ?» አለ ወንድምየው። «ድምፅ መቀነስ መቼ ነው የማውቀው?»

«ይኸው ተምረሃል» አለው ባልየው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናትየው ሬዲዮ ጆሮ ማደንቆሪያ ነው ብለው ሁለቱንም ይቆጧቸው ነበር። በዚያ ቀን ግን ጫማቸውን ጫማቸውን እያዩ «ተወው ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አሉ። ከራሳቸው ዳቦ ላይ ቆርሰውም ለተከሳሹ ሰጡት። እሱም አኩርፎ በላው።

ሚስትየው ፊውዙን ነቀለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ሰኞ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ማክሰኞም ተነሳ። ፋብሪካው በር ላይ ባልየው ከሁሉ ቀድሞ ተሰለፈ፤ ብልሽቱን እንዴት እንዳገኘው ለሾፌሮቹ ሲተርክ ሚስቱ ወሬው ውስጥ አልነበረችም። ወንድምየው ኳሱን ጎረቤት ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ መስማት ጀመረ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ጎረቤት ልብስ የሞላ ሳፋዋን ይዛ መጣች። «እማማ፣ ጉልበትዎ ምን ይላል?»

እናትየው ጉልበታቸውን አሹ። ደግመው አሹ።

«እንጃ ልጄ፤ ዝም ብሎኛል።»

ጎረቤቷ ልብሷን አሰጣች፤ ዝናብ አበሰበሰው። በማግስቱ እናትየው በድፍረት ፀሐይ ነው አሉ፤ እሱም ዘነበ። እማማ ደከሙ፣ አረጁ ተባለ። ጠያቂውም ቀረ። እሳቸውም ፀሐይ መሞቁን ተዉት፤ ሳጥኑ ጋቢናው በር ሥር እንደተደፋ ቀረ።

ሚስትየው ልትጠርግ ወጥታ ሳጥኑን አየችው። መጥረጊያዋን ተደግፋ በሩን ቀና ብላ አየች፣ መልሳ ሳጥኑን አየች፤ ሳቋ ሲመጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ፣ መዳፍ የምታህል ሬዲዮ ከነድንጋዩ አማቷ ትራስ ሥር ሸጎጠች።