አፉ በይኝ

ያን ክረምት ዝናቡ ቀረጻ አስቆመ። ቲያትር ቤቱም ለእድሳት ተዘጋ፤ የማስታወቂያ ሥራ ጠፋ። አንድ ተዋናይ ኮቱን ሸጦ በበቆሎ ጥብስ ሰነበተ።

ነሐሴ ላይ ሥራ ተገኘ። የአንድ ፊልም መሪ ተዋናይ ምስሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ድምፁን ሳያስቀርጽ ሞቶ ነበር። ኮቱን የሸጠው ተዋናይ ደግሞ የሟቹን ድምፅ አስመስሎ መናገር ያውቅበታል። ስቱዲዮ ገብቶ በሟቹ ድምፅ ፊልሙን ጨረሰ።

ሲወጣ ጥቁር የለበሱ ሴት በሩ ላይ ጠበቁት። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ በላይነሽ ነበሩ።

«ድምፅህን ሰማሁት፤ ቁርጥ የሱ ነው» አሉት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሲደበድበኝ ኖሮ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ሞተ። በሱ ድምፅ አንዴ አፉ በይኝ በለኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ በሙት አይቀለድም።»

«ለቀልድ አልመጣሁም። እንቅልፍ አጥቻለሁ ወንድሜ።»

አሳዘኑት። ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን አወፈረ።

«በላይነሽ፣ በድዬሻለሁ። አፉ በይኝ።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ በጥፊ አጮሉት። ሁለተኛም ጨመሩለት። ከንፈሩ ደማ።

«አሁን አፉ ብዬሃለሁ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።