ከኋላ የተጻፈው

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?» ብላ ትንሿ ልጇ ትርሲት ስትጠይቃት፣ ያኔ ማንበብ የማትችለው የሺ ወደ ባሏ ዞረች። ወንበሩ ተነቅሎ ቤት በሆነው አሮጌ አውቶቡሳቸው ጀርባ ላይ፣ ባሏ በቀይ ቀለም የጻፈው ጽሑፍ ነበር።

«የእናትሽ ስም ነዋ!» አለ ባሏ ከሞተሩ ሥር እንደተጋደመ። «የቤቱ እመቤት እሷ አይደለችም እንዴ?»

የሺ ደስ አላት። የሚያፈሰውን ጣሪያ በሬንጅ ከደፈነች፣ ራዲያተሩን ውሃ ከሞላች በኋላ፣ ዝናብ ያደበዘዘውን ጽሑፍ በቀለም ታደምቅ ጀመር። ጎረቤቶቿ እያዩ ይሳሳቁ ነበር። እንግዳ ሰዎች ቆመው ሲያዩም፣ ቤቷን የወደዱላት መስሏት ውስጡን አስጎበኘቻቸው።

የጎልማሶች ትምህርት በጀመረች በአራተኛው ወር፣ ብሩሹን እንደያዘች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «የ» ሳይሆን «ይ»። «ሺ» ሳይሆን «ሸ»። ከዚያ «ጣ»፣ ከዚያ «ል»።

ይሸጣል።

ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«እማዬ፣ አነበብሽው?»

«አዎ» አለች፣ «ስሜ ነው።»

ባሏንም አልጠየቀችው። በገዛ እጇ ስታደምቀው መክረሟን በምን አፏ ትናገር?

ቅዳሜ ዕለት ባሏ ገዢ አግኝቶ አውቶቡሱን ይዞ ሄደ፤ የሺና ትርሲት ባዶው ቦታ ላይ ቀሩ።