የሞላ ከረጢት

ሳምንቱን ሙሉ የቆፈረውን ወርቅ በከረጢቱ እንደተሸከመ ቀዩ ሸለቆ ገባ። በኮምፒውተሩ ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ወርቁ ከሌላው እጥፍ ነው፤ የሞተ ግን የያዘውን ሁሉ ያጣል። ባዶ እጁን የገባን ሽፍታ የሆኑት ተጫዋቾች ዞር ብለው አያዩትም፤ ከረጢቱ የሞላውን ግን አይምሩትም።

«ጋሼ፣ በቃ ይውጡ!» አለችው አብራው የምትቆፍረው የደሴ ሴት፣ በጆሮ ማዳመጫው። «ይሄን ሁሉ ወርቅ ሊያስበሉት ነው እንዴ?»

«ትንሽ ልጨምር» አላት።

እሷ ሸሽታ ወጣች። እሱ መቆፈሩን ቀጠለ። የጨዋታው ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ማንም አልመጣም። ትናንትም አልመጣም፤ ከትናንት ወዲያም።

«በእናትህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬን እንኳ።»

ድንገት ከኋላው ጦር ተሰካበት። ተዘርሮ ወደቀ፣ ወርቁም ተበተነ። ስክሪኑ ጠቆረና የገዳዩ ስም በቀይ ፊደል ወጣ፦ አቤኔዘር።

ማዳመጫውን ወርውሮ ወደ ጓዳ ሮጠ።

«ተዋበች! ተዋበች!»

ሚስቱ ድስት እያጠበች ነበር። ልጃቸው አባቱን ተቀይሞ ከቤት ከወጣና ስልኩን ካጠፋ ወዲህ፣ ባሏ ከዚያ ኮምፒውተር ሲነሣ «አገኘኸው?» ብላ ደፍራ ጠይቃው አታውቅም። አሁንም ዓይኑን ብቻ አየችው።

«ልጃችን ደህና ነው» አላት፣ እንባው እየወረደ። «አሁን ገደለኝ።»