የዘጠና ደቂቃ ትዝታ

ትዝታን ለሌላ ሰው መስጠት ከመፈቀዱ በፊት የቆቃ ኮከብ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች የኢንተርኔት መድረክ ከሃምሳ ዓመት በታች አንድም አባል አልነበረውም። ከተፈቀደ በኋላ፣ አዲስ ለሚመዘገብ ወጣት ሁሉ አንድ ነባር አባል ስታዲየም ገብቶ ያየውን ጨዋታ ከጭንቅላቱ አስወጥቶ ይሰጥ ጀመር። የተሰጠ ትዝታ አይመለስም።

አቶ ድንበሩ የዋንጫውን ጨዋታ ሰጡ። በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ቁም ሳጥኑን ሲያጸዱ አንዲት ትንሽ የልጅ ማሊያ አወጡ።

«የማን ናት?» አሉ አቶ ድንበሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትቀልዳለህ? የባዩ ናት እንጂ፣ ነፍሱን ይማረውና! ልጃችን ስታዲየም የገባው ለዋንጫው ጨዋታ ብቻ አይደል፣ አንተ ትከሻ ላይ ሆኖ?»

አቶ ድንበሩ ትዝታውን ለወሰደው ወጣት፣ ለኪሩቤል፣ ጻፉ። «ልጄ፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ልጅ ያን ቀን ስቆ ነበር?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «አባባ፣ ጎሎቹ ቀውጢ ናቸው! ልጅ ግን አላየሁም። ጎል ጎሉን አስቀርቼ ሌላውን አጠፋሁት፣ ቦታ ይይዛል።»

«ምን አለህ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

«ሲስቅ ነበር አለኝ።»

በዚያ ወር መድረኩ ሃምሳ ሦስት ወጣቶችን አገኘ። ከእያንዳንዱ የዘጠና ደቂቃ ትዝታ ሳይጠፋ የቀረው በአማካይ አራት ደቂቃ ነበር።