በዓይኔ ካላየሁ

በኮልካታ ፊልሞች ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የምትዘፍንላቸው አንዲት ዘፋኝ ነበረች። በየሻይ ቤቱ ድምፅዋን የማያውቅ የለም። የጀልባ ቀዛፊዎችን ዘፈን እያንጎራጎረች ያሳደገቻት እናቷ ብቻ አላምንም አለች።

«የዘፈነችዋን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ አንቺ አይደለሽም!» ትላት ነበር።

ዘፋኟ ዳይሬክተሩን ለምና ለምና፣ በአዲሱ ፊልም ላይ ራሷ ታይታ አንድ ዘፈን እንድትዘፍን ተፈቀደላት። ፊልሙ የተመረቀ ዕለት እናቷን ከገጠር አስመጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ መሪ ተዋናይቷ እንደተለመደው በዘፋኟ ድምፅ ዘፈነች። ቀጥሎ ዘፋኟ ራሷ ብቅ አለች፤ ጀልባ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነው።

ደንግጣ ዞር ስትል፣ ዳይሬክተሩ ከኋላ ጎንበስ አለላት። «ምን ላድርግ እትዬ? የእርስዎን ድምፅ ሕዝቡ የተዋናይቷ ነው ብሎ ይዞታል። ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይስቅብን ነበር።»

እናቷ እንባዋን እየጠረገች እጇን ጭብጥ አደረገቻት።

«በይ አሁን አመንኩሽ ልጄ። እንዲህ ያለ ድምፅ እያለሽ ነው እንዴ፣ ያቺን ቅድም ስታንቋርር የነበረችውን የሚያዘፍኗት?»